ቤታቸው ውስጥ የሌሉ ሰዎች

ከአንድ ሽማግሌ ለመሸሽ ብለህ በገዛ መኝታ ቤትህ ውስጥ ትንፋሽህን ውጠህ ተደብቀህ ታውቃለህ? እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለሁም ለማለት አትቸኩል። ሂሌቪም አልነበረችም። ሠላሳ ዓመት በጤና ጣቢያ ነርስነት ያገለገለች፣ የሰው ቁስል ስታጥብ ፊቷን የማታዞር፣ የምትኖርበት ሕንጻ የነዋሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ ነች። በኅዳር መጨረሻ ምድር ቤት በሚገኘው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ በእጅ ጽሑፏ አንድ ወረቀት ለጠፈች፦ «በዚህ ሕንጻ ውስጥ ማንም ሰው ገናን ብቻውን አያሳልፍ። በራችሁን ክፈቱ። ሂሌቪ፣ ሰብሳቢ።»

ስትጽፈው ከልቧ ነበር። ነገሩን ይበልጥ የሚያከፋውም ይኸው ነው።

ከእሷ ቤት ሥር ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲክስተን ይኖራል። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ የከተማቸውን የኖርሾፒንግን ቢጫ ትራሞች፣ የመንገድ ላይ ባቡሮቹን፣ አርባ ዓመት ነድቶ ጡረታ ወጥቷል። ሚስቱ ጉንቮር ከሞተች ወዲህ ስድስት የገና ዋዜማዎችን ላይ ቤት ወጥቶ ከሂሌቪና ከባሏ ከቶርኬል ጋር አሳልፏል። ባዶ እጁን መጥቶ አያውቅም፤ ራሱ በኮምጣጤ የዘፈዘፈውን ዓሣ በብርጭቆ ማሰሮ ይዞ ይመጣል። ቅርንፉድ ስለሚበዛበት ዓሣው የጥርስ ሐኪም ቤት ይሸታል። ባልና ሚስት አንድ አንድ ቁራጭ ውጠው ያመሰግናሉ፣ እሱም ትራሙ በበረዶ ተንሸራቶ የዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ የቆመበትን ቀን ይተርካል። በየዓመቱ ያው ትራም ነው፣ ያው ዳቦ ቤት።

ዘንድሮ ሂሌቪ ደከማት። ዓመቱን ሙሉ የሰው ክንድ ስትይዝ፣ የሰው ልጅ ስታባብል፣ የማኅበሩን ጭቅጭቅ ስትዳኝ ከረመች። አንድ ገና፣ አንድ ብቻ፣ ማንንም ሳትንከባከብ ማሳለፍ ፈለገች። አውሮፕላንም ሆነ ሻንጣ አላማራትም። ያማራት የገዛ ከተማዋ ነበረች፤ በድሮዎቹ ፋብሪካዎች መካከል የሚወርደውን ፏፏቴ ቆሞ ማየት፣ ሆቴል ገብቶ እንደ እንግዳ ቁርስ መብላት፣ ሃያ ዓመት በደጁ ያለፈችበትን ሙዚየም አንድ ቀን ከውስጥ ማየት፣ ከዚያ ቤት ገብቶ ከባሏ ጋር ዝም ብሎ መቀመጥ። ይሄ ወንጀል አይደለም። ማንም ቢጠይቃት መብቷ ነበር።

«ታዲያ ለሲክስተን ንገሪው» አላት ቶርኬል።

«አንተ ንገረው። ለአንተ ይቀላል።»

«ለምን ይቀለኛል? ሰብሳቢዋ አንቺ ነሽ።»

«የልብስ ማጠቢያ ሰብሳቢ ነኝ እንጂ የሲክስተን ሰብሳቢ አይደለሁም።»

ሁለት ሳምንት እንዲህ ሲገፋፉ ሰነበቱ። በዚህ አገር ሰው ለግብር መሥሪያ ቤት አይዋሽም፣ ቀይ መብራት ባዶ መንገድ ላይም ቢሆን ያስቆመዋል፣ ጎረቤቱ ልብስ ማድረቂያውን ሳያጸዳ ቢሄድ ሁለት ገጽ ተግሣጽ ጽፎ ይለጥፍበታል። ፊት ለፊት ቆሞ «ዘንድሮ አይመቸንም» ማለት ግን ከአቅሙ በላይ ነው። እነዚህም ሁለት የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ አንዷ መርፌ ትወጋለች፣ አንዱ መሬት ይለካል፤ ሁለት ቃል አጡ።

በታኅሣሥ አጋማሽ ሲክስተን ደረጃው ላይ አገኛቸው። በዚያ ሕንጻ ሰማንያ ዓመት የሞላውም ሃያ ዓመት ያልሞላውም «አንተ» ነው የሚባለው።

«ዘንድሮ ቅርንፉዱን ቀነስ አድርጌዋለሁ» አላቸው። «እስከዛሬ በጨዋነት ነው የምትውጡት፤ አውቄባችኋለሁ።»

ቶርኬል ሳቀ። ከዚያ ያ ሳቅ ፊቱ ላይ እንዳለ አፉ ብቻውን ሠራ። «ዘንድሮ እኮ ቴኔሪፍ ደሴት ልንሄድ ነው። ዐሥር ቀን።»

ሂሌቪ ባሏን አየችው። ያኔ ማስተካከል ትችል ነበር። «አዎ፣ ትንሽ ፀሐይ ብናገኝ ብለን ነው» አለች።

ሲክስተን የደረጃውን መደገፊያ ያዘ። «ጎሽ» አለ። «በዕድሜዬ የምጸጸተው እንዲህ ያለ አገር ባለመሄዴ ነው። ጉንቮር ሙቀት አትወድም ነበር። አበቦቹንስ እኔ ላጠጣላችሁ?»

«ኧረ አትቸገር፤ የቶርኬል እህት ትመጣለች» አለችው፤ ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው እጅግ ቀለል ብሎ ወጣላት።

ከዋዜማው ሁለት ቀን በፊት ትራስ የታጨቀባቸውን ሁለት ሻንጣዎች እየጎተቱ በዋናው በር ወጡ። ሲክስተን በመስኮት እጁን አወዛወዘላቸው። እስከ ባቡር ጣቢያ ሄዱ፣ ሻይ ጠጡ፣ ሲክስተን ከጓደኞቹ ጋር ካርታ ወደሚጫወትበት በሚሄድበት ሰዓት በጓሮ ዞረው በምድር ቤቱ በኩል ተመለሱ። ቶርኬል ደስ ብሎታል፤ ልጅነቱ የተመለሰለት ይመስል ነበር። ሕግም አወጣ፤ የሱፍ ካልሲ እንጂ ጫማ የለም፣ መስኮቱ ላይ የተሰቀለው የገና ኮከብ መብራት አይበራም፣ ቴሌቪዥኑ ድምፅ አያሰማም፣ የመጸዳጃ ቤት ውኃ የሚለቀቀው ሲክስተን ሲወጣ ብቻ ነው።

«ካርታ የሚጫወተው በሳምንት ሁለቴ ብቻ ነው እኮ» አለች ሂሌቪ።

«እንግዲህ እንችላለና።»

በማግስቱ በጓሮ ወጥተው ከተማዋን አዩ። እውነት ለመናገር ያ ቀን ቆንጆ ነበር። ፏፏቴው በግማሽ በረዶ ለብሶ ከሥሩ ይንሾካሾካል፣ የፋብሪካዎቹ ጡብ ረጥቦ ቀልቷል፣ በሆቴሉ ቁርስ ላይ አንዲት አስተናጋጅ «ከየት መጣችሁ?» ስትላቸው ቶርኬል «ከሩቅ» አላት። ሂሌቪ ሳቀች። ሙዚየሙ ውስጥ አያቶቿ ይሠሩበት የነበረውን ዓይነት የሽመና ማሽን ቆማ አየች፣ የባሏን እጅ ያዘች። ይህን ነበር የፈለገችው። ነገር ግን ቢጫ ትራም ባለፈ ቁጥር ባርኔጣዋን ወደ ዓይኗ ትጎትት ነበር። በገዛ ከተማዋ፣ በሃምሳ ስድስት ዓመቷ፣ እንደ ሌባ።

በዋዜማው ሂሌቪ ማለዳ ተነሥታ ለገና የሚበላውን የአሳማ ጭን ጋገረች፣ ከጫፉ ቆርጣ ቀመሰች። ከዚያ እጇ እንደ ልማዱ ውኃ ቀድቶ መስኮቱ ላይ ያለውን የገና ቀይ አበባ አጠጣ። አገሩ ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጥበት ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ሁለቱም ሳሎን ውስጥ ድምፅ ከሌለው ስክሪን ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። ድንገት የውጭው በር ቁልፍ ዞረ።

ባለፈው በጋ አበባ እንዲያጠጣላቸው ለሲክስተን የሰጡት ቁልፍ ነው። ሁለቱም ረስተውታል።

ቶርኬል ቴሌቪዥኑን አጠፋ። በካልሲያቸው ወደ መኝታ ቤት ሮጡ፣ በሩን ገፋ አድርገው ቆሙ። የመዝጊያው ምላስ ድምፅ እንዳያሰማ ሂሌቪ እጀታውን በሁለት እጇ ያዘች።

ሲክስተን ጫማውን ሲያወልቅ ተሰማት። ያወልቃል፤ ጨዋ ሰው ነው። ወደ መስኮቱ ሄደ።

«እህትየዋ ዋዜማ ቀን ከምትመጣ ብዬ ነው» አለ ለአበባው። «ቅር አይበልሽ። እነሱ አሁን አሸዋ ላይ ተጋድመዋል። ይጋደሙ፤ እሷ ደክሟታል። ባለፈው ዓመት ሳህን እያነሣች ቆማ ስታንቀላፋ አይቻለሁ። ቀድሜ እኔ መቅረት ነበረብኝ። አሳፈረኝና ሳልናገር ቀረሁ።»

ሂሌቪ ግንባሯን በሩ ላይ አስደገፈች።

ከዚያ የአበባው ሸክላ መስኮቱ ላይ ፈቀቅ ሲል ተሰማ። ጣቱን አፈሩ ውስጥ እንዳስገባ አወቀች፤ ጠዋት ራሷ ያጠጣችው እርጥብ አፈር። እርምጃው ወደ ወጥ ቤት ዞረ። ዓሣውን ይዞላቸው መጥቶ ነበር፤ ሲመለሱ እንዲበሉት። ፍሪጁ ተከፈተ። ውስጡ የተቆረጠው የአሳማ ጭን አለ፣ የተከፈተ ወተት አለ፣ ትናንት የገዙት ክሬም አለ። ፍሪጁ ክፍት ሆኖ ረጅም ጊዜ ቆየ። ሞተሩ ሲነሣ እንኳን አልዘጋውም።

በኋላ ማሰሮው መደርደሪያው ላይ ሲቀመጥ ተሰማ፣ የፍሪጁ በር በቀስታ ተዘጋ። እርምጃው በኮሪደሩ መጣ። መኝታ ቤቱ በር ላይ ደረሰና ቆመ። በእሱና በእሷ መካከል አንድ ጣት ውፍረት ያለው እንጨት ነበር። አተነፋፈሱን ሰማች፤ ነርስ ናት፣ ሳንባው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ፉጨት ታውቃታለች። መክፈት ይችል ነበር፤ አልከፈተም። እሷም መክፈት ትችል ነበር።

ጫማውን አደረገ፣ ወጣ፣ ከውጭ ቆለፈ። ከዚያ በሩ ላይ ያለው የፖስታ መክተቻ ክዳን ተነሣና ቁልፉ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ምናልባት ልብ አላለም» አለ ቶርኬል በሹክሹክታ።

«ድምፅህን አውጥተህ ተናገር። ከማን ነው የምትደበቀው?»

«ልብ ካለ ለምን አልተጣራም?»

«ሊያዋርደን ስላልፈለገ ነው፤ አይገባህም? እኛ ያደረግነውን እሱ አላደርግ ብሎ ነው። ወርጄ ላናግረው።»

«ምን ልትይው? ዛሬ በዋዜማው? ይባስ ልታሳፍሪው ነው? ጥር ሲገባ ተረጋግተን እንነግረዋለን። እስከዚያ ፊታችንን ትንሽ ፀሐይ ካስመታን...»

ንግግሩን አልጨረሰም፤ አስተያየቷ አላስጨረሰውም። ግን አልወረደችም። ይህንንም ጻፍባት። ሦስት ጊዜ ኮቷን ለበሰች፣ ሦስት ጊዜ አወለቀች። በዋዜማውም በገናም ቀን አልወረደችም። ከሥር የሬዲዮ መዝሙር ሰማች፣ ከዚያ ሬዲዮው ተዘጋ። የአሳማው ጭን እንዳለ ቀረ። ማሰሮውን ግን ከፈተችው፣ አንድ ቁራጭ ቆማ በላች። እውነትም ቅርንፉዱን ቀንሶታል።

ከገና በኋላ በሁለተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ጫማዋን አድርጋ፣ ተረከዟን ደረጃው ላይ እያሰማች ወረደች። የሲክስተንን በር አንኳኳች። አልከፈተም። ከምድር ቤት የሰው ድምፅ ሰማችና ወረደች። ማጠቢያው ክፍል ውስጥ የአንደኛ ፎቋ ኢንጋ-ማይ እርጥብ አንሶላ ታቅፋ ከሰሌዳው ፊት ቆማለች፤ ከጎኗ ሌሎች ሁለት ነዋሪዎች አሉ። ማሽኑ ይሽከረከራል፣ ልብስ የሚያወጣ ግን የለም።

«ሂሌቪ?» አለች ኢንጋ-ማይ። «ቴኔሪፍ አይደለሽም እንዴ?»

ማንም አልሳቀም። መንገድ ለቀቁላት። የእሷ ወረቀት በቦታው አለ። ከሥሩ በአራት የተለያየ ቀለም ባላቸው የሰሌዳ መርፌዎች የተወጋ ሌላ ወረቀት አለ፤ የትራም የሥራ መዝገብ ሲሞላ የኖረ ሰው የተስተካከለ የእጅ ጽሑፍ ነው።

«ለሰብሳቢዋ ለሂሌቪ።

በዋዜማው ቀን በዘጠኝ ሰዓት ቤትሽ ነበርኩ። አንቺም ነበርሽ። ለምን ለብቻችሁ መሆን ፈለጋችሁ ብዬ አልጠይቅም፤ እሱ መብታችሁ ነው፣ ብትነግሪኝ ማሰሮውን በር ላይ አስቀምጬ እመለስ ነበር። የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ስድስት ዓመት ማዕድሽ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ምኔን አይተሽ ነው አንዲት እውነተኛ ቃል አይችልም ያልሽው? ከላይ የተጻፈው 'ማንም ሰው' የሚለውስ እኔን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም?

ቤቴ አትምጪ፣ አልከፍትም። በሬ ሥር ወረቀት አታስገቢ፣ አላነበውም። እዚሁ ሰሌዳ ላይ የለጠፍሽውን እዚሁ ሰሌዳ ላይ፣ ሕንጻው ሁሉ እያነበበ፣ ስምሽን ፈርመሽ መልሺልኝ።

ሲክስተን፣ ሁለተኛ ፎቅ።»