የቅዳሜው ውሃ

አክስት አርዜላ የማካሮኒውን ሳህን ከፍ አድርጋ ከሥሩ አየች። ስም የተጻፈበት ነጭ ፕላስተር ተለጥፎበታል።

«የነጉድማን ነው» አለች። «ይሄ ኬክስ የማን ነው? ሳህኑ ስም የለውም።»

«የዶክተር ክላይድ ራትሊፍ» አለች ላቮን።

«ስም ሳይጽፍ? ከቀብር በኋላ ለማን እንመልስ? የት ነው ያደገው?»

«እዚሁ አላባማ። በእናቴ ቤተ ሙከራ ጠርሙስ እያጠበ።»

የላቮን እናት ዶክተር ኦዴሳ ትሬድዌል ከሞተች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ የምትቀበረው ሰኞ ነው። ራትሊፍ አሁን እሷ ታስተምርበት የነበረው የጥቁሮች ኮሌጅ የምርምር ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኗል። ከለቀስተኞቹ መሀል ተነስቶ ወረቀት እንደያዘ ወጥ ቤት ገባ።

«ላቮን፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ።»

«ካወቁ ጥሩ ነው።»

«ፊርማሽ ብቻ ነው የቀረው። የእናትሽ የጉድጓድ ውሃ ጥናት ሁለተኛ ተመራማሪ አንቺ ነሽ። ከእንግዲህ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ይመራዋል፤ የውሃ ናሙናዎቹም ወደዚያ ይሄዳሉ። የኛም ስም ከስማቸው ሥር ይጻፋል። እያደግን ነው፤ ወደ ላይኛው የምርምር ደረጃ የምንወጣው እንዲህ ነው። የናሙና ማቀዝቀዣችን ደግሞ ማርጀቱን ታውቂያለሽ።»

ላቮን ደሟ ፈላ። ማርጀቱን ማን የማያውቅ አለ! እናቷ ሌላ ይገዛልኝ እያለች ለኮሌጁ አስራ ስድስት ዓመት ሙሉ ጽፋለች። መብራት በጠፋ ቁጥር በረዶ ተሸክማ የምትሮጠው ራሷ ነበረች። ጥናቱን የጀመረችው መጥረጊያና ባልዲ በሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ነው። ሳምንቱን አምስት ኮርስ ታስተምርና ቅዳሜ ቅዳሜ በአሮጌ መኪናዋ እየዞረች ከየቤቱ የጉድጓድ ውሃ ትቀዳ ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን በር የሚከፍትላት አላገኘችም። ከእሷ በፊት የትልቁ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች መጥተው ውሃም ደምም ወስደው፣ ውጤቱን ለአንድ ቤት እንኳ ሳይናገሩ ቀርተዋል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያንን ውሃ የሚጠጣ ሰው ታመመ፣ ሞተ። ኦዴሳ በየበረንዳው ቆማ «ውሃችሁ ከዚህ ከተማ አይወጣም፤ ውጤታችሁን በእጄ አመጣላችኋለሁ» ብላ ማለች። ሰው ያመናት ከዚያ በኋላ ነው። በየጠርሙሱ ሥር፣ ልክ እንደ ለቅሶ ሳህን፣ የባለቤቱን ስም በፕላስተር ትለጥፍ ነበር። ባልደረቦቿ ሲስቁባት «የሰው ዕቃ ነው፤ ይመለሳል» ትላቸዋለች።

«እናትሽ ብትኖር ደስ ይላት ነበር» አለ ራትሊፍ።

ላቮን ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው።

«በሕይወት እያለች ጠይቀዋታል እኮ! ሦስቴ! ሦስቴም እምቢ ብላዎታለች። ሬሳዋ ሳይቀበር ለአራተኛ ጊዜ መጡ?»

«በስሜት አትናገሪ፣ ላቮን...»

«ክላይድ!» አለች አርዜላ። «ተማሪ ሳለህ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስንት እሁድ በልተሃል? የበላህበትን ሳህን እንኳ አጥበህ አታውቅም። ዛሬ ደግሞ ወጥ ቤቱን ነቅለህ ልትሄድ መጣህ?»

የጓሮው በር ተንኳኳ። ኦዴሳ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጉድጓዳቸው ውሃ ትቀዳ የነበረው አቶ ጁኒየስ ፒቪ ናቸው፤ ሰማንያ አልፏቸዋል። ባርኔጣቸውን በብብታቸው ይዘው፣ በሌላው እጃቸው ውሃ የሞላ ጠርሙስ አንጠልጥለዋል።

«ቅዳሜ አይደል» አሉ። «እሷ ስላልመጣች እኔው ይዤው መጣሁ። እንዳስተማረችኝ ውሃውን አምስት ደቂቃ ለቅቄ ነው የቀዳሁት።» ቀጥለው ራትሊፍን አዩት። «ያለፈው ውጤት ደረሰ እንዴ፣ ዶክተር? ባለቤቴ አሁንም ከዚሁ ነው የምትጠጣው።»



ላቮን ወረቀቱን ከራትሊፍ እጅ ወሰደች፤ አጠፈችና ኮቱ ኪስ ውስጥ መልሳ ከተተችለት። «አልፈርምም» አለችው። ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ውጤቱን ማክሰኞ አመጣልዎታለሁ፣ አቶ ፒቪ። እናቴን ልቅበርና።»

አርዜላ ለሳህኖቹ ከያዘችው ፕላስተር ቆርጣ የጠርሙሱ ሥር ለጠፈች። የአቶ ፒቪን ስም ጻፈች፤ ቀኑን ጻፈች። የናሙና ሰብሳቢው ስም ላይ ስትደርስ እጇ ከልማድ «ኦዴሳ» ብሎ ጻፈ። አየችው። አልሰረዘችውም።

ፍሪጁ በለቀስተኛ ምግብ ጢም ብሎ ሞልቷል። ስም የሌለውን ኬክ አወጣችና ለራትሊፍ አስታቀፈችው። ጠርሙሱን በኬኩ ቦታ አስቀምጣ የፍሪጁን በር በቀስታ ዘጋችው።