አንሴልሞ ያሳለፈው ቅል

ጉርርርርር!

አንሴልሞ ቤቱም ሰዉም ገና አልታየውም፤ ከብርቱካን ዛፎቹ ወዲያ ግን ቅሉ ሲያንኮራፋ ሰማ። ውኃው አልቆ የብረት መምጠጫው አየር መሳብ ሲጀምር የሚያወጣው ድምፅ ነው።

«ያለ እኔ ጀመሩ!» አለና ፈረሱን ኮለኮለው።

እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ዶኛ ፔትሮና ቤት የሚመጣው ማቴ፣ ያንን በቅል ተቀድቶ በመምጠጫ የሚሳበውን መራራ የቅጠል መጠጥ፣ ሊጠጣ ነው ይባላል። እሱም እንደዚያው ነው የሚለው። አንሴልሞ በታኩዋሬምቦ ገጠር የሽቦ አጥር እየዘረጋ የሚኖር ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ ከችካልና ከሽቦ ጋር ስለሚውል ሰው ፊት ሲቀርብ ምላሱ ይተሳሰራል። ለዶኛ ፔትሮና ልጅ ለሩፊና ሊነግራት የሚፈልገውን ሁሉ ችካሎቹ በቃላቸው ያውቁታል፤ እሷ ግን አንዱንም አልሰማችም።

በረንዳው ላይ ሲደርስ ማንቆርቆሪያው ሩፊና እግር ሥር ተቀምጧል። አንሴልሞ ደነገጠ። እስከ ዛሬ የሚቀዱት እናትየው ነበሩ።

«እጄን ምድጃ ፈጀኝ» አሉ ዶኛ ፔትሮና በጨርቅ የተጠቀለለ ጣታቸውን እያሳዩ። «ዛሬ የምትቀዳው እሷ ናት።»

እዚያ አገር ጨዋ ልጃገረድ ለሚፈልጋት ሰው እሺም እምቢም በአፏ አትልም፤ ቀድታ ትሰጠዋለች። ማር የገባበት ማቴ ከደረሰው እሺ ብላዋለች ማለት ነው። ቀዝቃዛ ከደረሰው ፈረሱን ይፈልግ። አንሴልሞ ይህን እያሰላሰለ ከሩፊና አጎት ከዶን ባሲሊዮ አጠገብ ተቀመጠ። ዶን ባሲሊዮ ጥርስ የላቸውም፤ ወሬ ግን አያጡም።

«ሽቦው እንዴት ነው፣ አንሴልሞ?»

«ደህና ነው፣ ዶን ባሲሊዮ።»

«ከአንተና ከሽቦው ይበልጥ የሚያወራው ማነው?»

አንሴልሞ ፈገግ አለ። ሩፊና ቅሉን ይዛ ወደ ማድቤት ገባች፤ ጥቂት ቆይታ ተመለሰች፤ ሞቅ ያለውን ውኃ ጨመረችበትና ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ዘረጋችለት። ሁሉም ያዩታል። እናቱ ትልቅ ሰው አክብር እያለች ያሳደገችው ልጅ ነውና፣ የሚያደርገው ሲጠፋው ቅሉን ወደ ጎን አሳለፈው።

«እርስዎ ይቅደሙ፣ ዶን ባሲሊዮ።»

ቅል ከቀጂ ወደ ጠጪ፣ ከጠጪም ወደ ቀጂ ነው የሚሄደው፤ እንደ ዳቦ ሳህን ለጎረቤት አይተላለፍም። ይህን ጡት ያልጣለ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። አንሴልሞም ያውቀዋል፤ ትዝ ያለው ግን ቅሉ ከእጁ ከወጣ በኋላ ነው።

ዶን ባሲሊዮ የሰጧቸውን እምቢ ብለው አያውቁም። አንዴ ሳቡ። ዓይናቸው ፈጠጠ። ቅሉን አዩ፣ ሩፊናን አዩ፣ አንሴልሞን አዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ ታች መጠጡት።

«ምን ነበረበት?» አለ አንሴልሞ በሹክሹክታ።

«ማቴ።»

«ምን ዓይነት ማቴ?»

«አንተ ያልጠጣኸው ዓይነት።»

ሩፊና ፊቷ በርበሬ መስሎ ቅሉን ነጠቀቻቸውና ለእናቷ ቀዳች። ዶኛ ፔትሮና ዕድሜያቸውን ሙሉ መራራውን የጠጡ ሰው ናቸው። ገና ሲቀምሱት ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ቅሉን ከአፋቸው አራቁና ልጃቸውን አተኩረው አዩ። እንግዲህ ለአንሴልሞ የተላከውን መልስ ከራሱ ከአንሴልሞ በቀር ያልቀመሰው አልነበረም።

ሩፊና ቅጠሉን ግቢው ውስጥ ደፋችው። ቅሉን አለቀለቀች፤ ከግማሽ በላይ አዲስ ቅጠል ሞላችበት፤ አፉን በመዳፏ ከድና ገልብጣ ነቀነቀችው፤ ዱቄቱ መዳፏ ላይ ሲቀር እፍ ብላ አበረረችው። ቅሉን ጋደም አድርጋ ጎድጎድ ባለው በኩል ለብ ያለ ውኃ አጠጣችው። ቅጠሉ ሲያብጥ የመምጠጫውን አፍ በአውራ ጣቷ ደፍና እንደ ጩቤ ሰካችው። የመጀመሪያው የቀጂ ነውና ራሷ ጠጣች። ለአንሴልሞ ስትቀዳ ግን ማንቆርቆሪያውን ትታ እንስራውን አነሳች።

አንሴልሞ ሳበ። ቀዝቃዛ ነው። በነሐሴ ብርድ ላይ ጥርሱን እስከ ሥሩ ጠዘጠዘው። «አመሰግናለሁ» ቢል ኖሮ በቃኝ ማለት ስለሆነ ይገላገል ነበር። እሱ ግን ጭልጥ አድርጎ መለሰላት።

«ሌላ።»

«ቀዝቃዛ ነው እኮ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ከጉድጓድ የወጣ ውኃ ነው።»

«ጥሩ ጉድጓድ ነው።»

ቀዳችለት። ጠጣ። ከንፈሩ መጠቆር ጀመረ። እንደገና ቅሉን ዘረጋላት።

«እስከ መቼ ልትጠጣ ነው?»

«ጉድጓዱ እስኪደርቅ።»

«ሽቦው ተናገረ!» ብለው ዶን ባሲሊዮ ጭናቸውን መቱ።

ሩፊና ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልሆነላትም። ቅሉን ይዛ ማድቤት ገባች። ስትመለስ ከማንቆርቆሪያው ቀዳችና ሰጠችው። ዶን ባሲሊዮ እጃቸውን ዘረጉ።

«እኔ ልቅደም?»

አንሴልሞ ቅሉን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ለጠፈው።

«ይዘኸው የምትቆይ ማይክራፎን አይደለም!» አሉት ሽማግሌው። «ጠጣና መልስ!»

ሳበ፤ አልመጣም። ጉንጩ እስኪጎደጉድ ሳበ። ማሩ ከመብዛቱ መምጠጫው ሊደፈን ምንም አልቀረው። በመጨረሻ እየተጎተተ፣ ወፍሮ፣ ሞቆ ምላሱ ላይ ወረደ። ሩፊና ማንቆርቆሪያውን አቅፋ ታየዋለች።

እንግዲህ የሚቀረው ለእናትየው መናገር ነው። አንሴልሞ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«ዶኛ ፔትሮና፣ እኔ...»

ዶኛ ፔትሮና ተፈጀ ባሉት እጃቸው ይፈለፍሉት የነበረውን አተር ወንበሩ ላይ አስቀመጡ። ነጠላ ጫማቸውን አስተካከሉ፤ ደረጃውን ወረዱ፤ በብርቱካን ዛፎቹ መካከል አልፈው መንገዱን ያዙ።

«ወዴት ነው?» ሲሉ ዶን ባሲሊዮ ተጣሩ።

«ቄሱ ቤት!» አሉ ዶኛ ፔትሮና፤ ዞር ብለውም አላዩ።