ፋንታዬ ቀድማ የቆፈረችው መሬት

ቶሪል ነገሩን ሰኞ ዕለት ቁርጥ አድርጋ ነግራታለች። ሐሙስ ፋንታዬ ከልጆቹ ጋር የአትክልት መደብ ታዘጋጃለች፤ ቶሪል ቆማ ታያለች፤ ከዚያ ቋሚ ሥራው ይሰጣት እንደሆነ ይወሰናል። ቶሪል የባርነሃገው፣ የመዋዕለ ሕፃናቱ ኃላፊ ናት። ፋንታዬ እዚያ ሊንደሩድ በሚባለው የኖርዌይ ሰፈር ስምንት ወር ሙሉ በምትክ ሠራተኛነት የሰው ልጅ ስታጫውት፣ የራሷ ልጅ ናዝሬት ከተማ እህቷ ቤት ነበር። እሱን ለማምጣት የቀራት ወረቀት አንድ ብቻ ነው፤ የቋሚ ሥራ ውል።

«አፈር ላይ ነው የሚፈትኑኝ?» አለች በልቧ። ዘጠኝ ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እርሻ አስተምራለች። አፈር በጣቷ አሽታ ምን እንደሚያበቅል የምትናገር ሴት ናት። ይፈትኗት እንግዲህ!

ሐሙስ ማለዳ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ዝቅተኛውን አጥር ተሻግራ ገባች። ግንቦት ቢሆንም ብርዱ ጣት ይቆርጣል። አራቱን መደቦች አንድ በአንድ ገለበጠች፤ ጓሉን ፈጨች፤ ድንጋዩን ለቅማ ጣለች፤ ፍግ ቀላቀለች፤ ዳር ዳሩን በሲባጎ አስተካከለች። እንግዳ የሚያየው ነገር ያለቀ መሆን አለበት። ያደገችው እንደዚያ ነው።

ወጥ ቤት የምትሠራው እታለም አንድ ሰዓት ላይ ስትደርስ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«አንቺ! እዚሁ አድረሽ ነው እንዴ?»

«ፈተና አለብኝ አላልኩሽም?»

«እሱንማ አለፍሽ! እኔ ብሆን ዛሬውኑ ቶሪልን አባርሬ አንቺን እተካ ነበር።»

ሦስት ሰዓት ላይ ቶሪል አሥራ አንድ ልጆች አስከትላ ወጣች። ሁሉም የዝናብ ሱሪና የጎማ ቦት አጥልቀዋል፤ ሁሉም አንዳንድ መቆፈሪያ ይዘዋል። ቶሪል መደቦቹን አየች። ልጆቹን አየች። ወደ ፋንታዬ ዞረች።

«ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«ልጆቹስ ምን ይሥሩ?»

«ይዝሩ።»

«ዘሩ የሚመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። የዛሬ ሥራቸው መቆፈር ነበር።»

የፋንታዬ ፊት ጋለ። «ይሄ ሁሉ ጓል ነበር እኮ! ጓል ውስጥ ካሮት ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። የአምስት ዓመት ልጅ ደግሞ ጓል አይፈጭም።»

«ካሮትማ ሱቅ ሞልቷል» አለች ቶሪል በለስላሳ ድምፅ።

«ታዲያ መሬቱን ለምን ነካችሁት? አሸዋ ላይ አታስቀምጧቸውም ነበር?»

ቶሪል ከኪሷ ትንሽ ደብተር አወጣች።

በዚያው ቅጽበት ሃይሚ መሀል መደቡ ላይ ወጣች። ሃይሚ ፋንታዬ የምታውቃቸው የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ልጅ ናት፤ ከልጆቹ መካከል አማርኛ የምትችል እሷ ብቻ። ቦቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሰጠመ።

«ውረጂ!» ብላ ፋንታዬ ጮኸች። «ዓይንሽ አያይም? ውረጂ ነው የምልሽ!»

የቶሪል እስክሪብቶ ሲጫር ተሰማ። ሃይሚ ወረደች፤ ግን አላለቀሰችም።

«እትዬ ፋንታዬ፣ እኔ ታዲያ የት ነው የምሠራው?»

ፋንታዬ ዞር ብላ መደቦቹን አየች። ልጅቷ የምትቆምበት ቦታ የለም። አራቱም መደብ ተሠርቶ አልቋል።

አንድ ጊዜ ባስተማረችበት ትምህርት ቤት ከሚኒስቴር እንግዶች መጡ። ዳይሬክተሩ የተማሪዎቹን እርሻ በቀን ሠራተኛ አስጨርሶ፣ ተማሪዎቹን እጃቸውን አስታጥቦ ለጭብጨባ አሰለፋቸው። ፋንታዬ እንግዶቹ ፊት፣ «ይሄ የተማሪ ሥራ አይደለም፤ ውሸት ነው!» አለች። በወሩ መኪና የማይደርስበት አገር ተዛወረች። አንድም ቀን ቆጭቷት አያውቅም። አሁን ግን ዳይሬክተሩ ማን ሆነና? እጃቸው የነጻ ልጆች ተሰልፈውባታል። ቶሪልን ልትሰድብበት ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ ወደ ራሷ ዞረ፤ እሱ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

«ተከተሉኝ!» አለች በኖርዌጅኛ።

ከአጥሩ ሥር ማንም ነክቶት የማያውቅ፣ ሣሩ ሥር በሥር የተያያዘ መሬት ነበር። ልጆቹ የያዙትን የመጫወቻ አካፋ ሰብስባ ወዲያ ጣለችና ከመጋዘኑ ግሬፕ የሚሉትን ባለ አራት ጥርስ የመቆፈሪያ ብረት ሁለት አወጣች። አንዱን ለሃይሚ ሰጠቻት። ቁመቱ ከልጅቷ ትከሻ ይበልጣል።

«እግሯን!» አለች ቶሪል ወደፊት እየተራመደች።

«እግሯን እኔ አየዋለሁ። አንቺ ጻፊ።»

ፋንታዬ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። የሃይሚን ቦት ይዛ የብረቱ ጫንቃ ላይ አስቀመጠች፤ ሌላኛውን እግር ራቅ አደረገች። «ክብደትሽን ጣይ። አሁን ወዝውዢ።» ጥርሱ ከጎማ ቦቷ አንድ ጣት ርቆ ገባ። ሣሩ ተቀዶ ተነሳ። አንዱ ልጅ ትል አገኘና ጮኸ። ሁለቱ ለሁለተኛው ግሬፕ ተጣሉ። አንዷ ፊቷን በጭቃ ለቀለቀች። ጓሉ እንደ ጓል ቀረ፤ መስመሩም የሰከረ ሰው ያሰመረው መሰለ። ፋንታዬ ዓይኗ እያየ፣ እጇ እየበላት፣ አላስተካከለችም።

የምሳ ሰዓት ደረሰ። ቶሪል ጠራቻቸው።

«ኔይ!» ብለው ባንድ ድምፅ እምቢ አሉ።

ቶሪል ወደ ፋንታዬ ቀረበች። «ልጅ ላይ መጮህሽን ጽፌያለሁ።»

«ጻፊው። ጮኬያለሁ።»

«ሦስት ወር እንጨምርልሽና እንደገና እንይ ልልሽ ነበር።»

«አልፈልግም። እዚያ የሚጠብቀኝ ልጅ አለ፤ ሦስት ወር፣ ሦስት ወር እያልኩ አልነግረውም። ያየሽውን አይተሻል። እምቢም ከሆነ ዛሬ በዪኝ።»

ቶሪል የተገለበጠውን መሬት አየች። ከዚያ ትል በመዳፋቸው ይዘው የሚከራከሩትን አየች። ደብተሩን ዘጋች።

«ከምሳ በኋላ ቢሮ ነይ። ውሉን እንፈርማለን። ስለ ጩኸቱም እንነጋገራለን።»

ፋንታዬ ተመልሳ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ሃይሚ እጅጌዋን ጎተተች። አንድ ረጅም የሣር ሥር አልነቀል ብሏታል።

«እትዬ ፋንታዬ፣ ነይ ያዥልኝ። ግን እንዳትነቅዪብኝ፣ እሺ?»

«እሺ» አለች ፋንታዬ፣ የሥሩን ጫፍ ይዛ።