ነቅተው የሚያድሩ ዝንቦች

…እና ሁለቱም ባዶ ናቸው፣ በግራ እጇ ያለው ብልቃጥም፣ በቀኝ እጇ ያለውም፣ ታዲያ ዝንቦቹ የት ሄዱ ትላለች፣ ወይም ያለች ይመስላታል፣ ከንፈሯ ገና አልነቃም፣ የጠረጴዛው ጠርዝ ግንባሯ ላይ ያተመው መስመር ይለበልባታል፣ የግድግዳው ሰዓት ስምንት ከሩብ ይላል፣ ቅድም ስታየው ለስምንት አምስት ጉዳይ ነበር። ሃያ ደቂቃ። እንቅልፍ ወሰደኝ ይባላል፣ እንደ ጎርፍ፣ እንደ ሌባ፣ እሷንም ወስዷት ነበር፣ የት እንዳደረሳት አታውቅም፣ ብቻ ለብ ያለ ነበር፣ ውሃ የሚመስል ነገር ነበረበት፣ አንድ ሰው ፀጉሯን ይነካካ ነበር፣ አሁን አምጥቶ ወንበሯ ላይ መልሷታል፣ ሁለት ባዶ ብልቃጥ አስይዞ።

ፊት ለፊቷ አንድ አዲስ ብልቃጥ ቆሟል። አፉ በጥጥ ተወትፏል። ውስጡ ዝንቦች ይርመሰመሳሉ፣ በዝተዋል፣ የሁለት ብልቃጥ ያህል ናቸው።

ጉድ ሆንሽ፣ ይላታል ሆዷ።

እጇ ነው የሠራው፣ አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ነገር ሲሠራ የኖረ እጅ ባለቤቱን አይጠብቅም፣ በየሁለት ሳምንቱ አሮጌውን ብልቃጥ ደፍቶ፣ ቂጡን መታ መታ አድርጎ፣ ዝንቦቹን ወደ አዲሱ ምግብ አራግፎ፣ ጥጡን ወትፎ፣ እሷ ሸለብ ሲያደርጋት እጇ ሥራውን ቀጠለ፣ አንዱን አራገፈ፣ ሌላውንም እዚያው ላይ አራገፈ፣ ዘበኞቹን ከተራዎቹ ጋር።

ዘበኞቹ። መዝገብ ላይ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው፣ ስሙን ያወጣችላቸው እሷ ናት፣ ስለማይተኙ። ዝንብም ይተኛል እንዴ ብሎ የማይጠይቃት ሰው የለም፣ ጎረቤቷ ያሉት ደግሞ አይረሳትም፣ ሥራሽ ምንድን ነው አሏት፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ የፍራፍሬ ዝንብ አረባለሁ አለች፣ ሴትዮዋ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው፣ እኛ እሽ ብለን ያቃተንን አንቺ ደሞዝ እየበላሽ ታበዢዋለሽ በይኛ። ይተኛል ትላለች ለሚጠይቃት፣ ሲመሽ ባለበት ይቆማል፣ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል፣ አምስት ደቂቃ ንቅንቅ ካላለ ተኝቷል፣ ሌሊቱን ስትቀሰቅሰው ብታድር በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ሲያንቀላፋ ይውላል፣ እንደኛው። ዘበኞቹ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ ክንፋቸውን ይጠራርጋሉ፣ ዘረመላቸው ውስጥ አንዲት ፊደል ስለተሳሳተች ብቻ፣ የተሳሳተችው ከእናትም ከአባትም ስትደርሳቸው እንቅልፍ የለም፣ ከአንድ ወገን ብቻ ከመጣች ግን ጤነኛዋ ትሸፍንላታለች፣ ተኝተው ያድራሉ። ዕድሜያቸውም አጭር ነው፣ ተራው ዝንብ ሁለት ወር ሲኖር እነሱ አንድ ወር ቢቆዩ ነው፣ ምን እንደነካቸው ሳይታወቅ አንድ ጠዋት በጀርባቸው ተንጋለው ይገኛሉ። ይህን እያወቀች ነው ማታ ቤቷ የምትገባው።

ምክንያቱም አባቷም አይተኙም።

ሠላሳ አራት ዓመት የሌሊት ባቡር ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ አእምሯቸው እየደከመ፣ ቀኑን ወንበር ላይ ሲያንቀላፉ ይውሉና ሲመሽ ዓይናቸው ይበራል፣ ጫማቸውን ያጠልቃሉ፣ የኮታቸውን ቁልፍ እስከ አንገት ይቆልፋሉ፣ በሩ ላይ ይቆማሉ፣ ባቡሩ እየጠበቀኝ ነው። ነገ ነው አባዬ፣ ይግቡ። ዛሬ ነው። ነገ ነው። አራት ወር እንዲህ ነው፣ በሩ ሥር ፍራሽ አንጥፋ ትጋደማለች፣ ተረማምደዋት እንዳይወጡ፣ ግማሽ ጆሮዋ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ሐኪሙን በዘር ይተላለፋል ወይ ብላ ጠየቀችው፣ እንደ ዝንብ አርቢ ነው የጠየቀችው፣ ሐኪሙ አይ የዕድሜ ነገር ነው፣ ቀንና ሌሊትን የሚለየው የአንጎል ክፍል አርጅቶ ነው አላት፣ ተመስገን አለች በሆዷ፣ ከዚያ አፈረች፣ የጠየቀችው ለሳቸው ነበር ወይስ ለራሷ።

ማንም አላየም።

ይህ ሐሳብ እንዴት ለስልሶ እንደሚመጣ፣ ትራስ ነው፣ ማንም አላየም፣ የዘበኞቹ ሁለተኛ ብልቃጥ ባለፈው ወር በሻጋታ አልቋል፣ ሁሉም ያውቃል፣ ይሄኛውም በሻጋታ ሄደ ቢባል ማን ይጠይቃል፣ ሻጋታ አፍ የለው፣ ብልቃጡን ወስዶ ዝንቦቹ በብርድ እንዲያልቁ ማቀዝቀዣ ውስጥ መጨመር ነው፣ በቃ። ነገር ግን በግድግዳው ማዶ ተመራማሪዋ አለች፣ በአሥር ዓመት የምታንሳት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ እነዚህን ዝንቦች ስታጠና የኖረች፣ ምሳዋን እንኳ ቆማ የምትበላ ልጅ። ደግሞ አልሞቱም እኮ። ብልቃጡን ወደ ብርሃን ታነሳዋለች፣ እዚያው አሉ፣ ከሌሎቹ መሃል እየተራመዱ፣ መልካቸው አንድ ሆኖ ነው እንጂ፣ ሲጨልም ይለያሉ፣ ያልተኛው ራሱን ያጋልጣል። ሞቱ ማለት መግደል ነው።

ተነሳች። ኮሪደሩ ረዝሟል፣ ወለሉ እንደ ጀልባ ቀስ ብሎ ይወዘወዛል።

ዘበኞቹን ከተራዎቹ ጋር ደባልቄያቸዋለሁ፣ አለቻት፣ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።

ተመራማሪዋ የእስክርቢቶዋን ክዳን ገጠመች። መቼ አለች። አሁን። ሌላ ብልቃጥ የለንም አይደል። የለንም። ከዚያ ወጣች፣ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው፣ ብታላትመው ይሻል ነበር፣ ሰው ሲናደድ በር ሲያላትም ንዴቱ በሩ ላይ ይቀራል፣ ቀስ ብሎ ሲዘጋ ግን ክፍሉ ውስጥ ትቶልሽ ነው የሚሄደው፣ እሷም ባለችበት ቆማ ቀረች፣ አሥር ደቂቃ ይሁን አንድ ሰዓት፣ ግድግዳው ይሸሻል፣ ይመለሳል። ተመራማሪዋ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፣ በሁለት እጇ ቀጫጭን የመስታወት ቱቦዎች የተደረደሩበት ሳጥን ይዛለች።

እትዬ፣ አለቻት፣ አራት ወር እንዳልተኛሽ አይቻለሁ። ያልጠየቅኩሽ ሥራዬ እንዳይስተጓጎል ብዬ ነው።

ጎን ለጎን ተቀመጡ። ዝንቦቹን በጋዝ አደንዝዘው፣ ያ እንቅልፍ አይደለም፣ ራስን መሳት ነው፣ አንድ በአንድ በብሩሽ ጫፍ እያነሱ እያንዳንዱን በየራሱ ቱቦ ከተቱት፣ ሰማንያ አንድ ዝንብ፣ ከነዚህ ውስጥ ዘበኞቹ አሥራ አምስት ቢሞሉ ነው፣ ደካሞች ስለሆኑ ብዙ አይዋለዱም። የዝንብ እንቅስቃሴ በጨረር የሚቆጥረው ማሽን የሚይዘው ሠላሳ ሁለት ቱቦ ብቻ ነው፣ የቀሩትን አርባ ዘጠኙን በዓይን መጠበቅ የግድ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ሰማ፣ አልጮኸም፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈላት፣ ከእንግዲህ ብቻሽን ብልቃጥ አትቀይሪም አላት። ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ እውነቱን ነው።

ሳጥኖቹ ጨለማ ክፍል ገቡ፣ መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል ናት፣ መብራቷ በሰዓት የተሞላ ሆኖ ቀኑን ሌሊት ሌሊቱን ቀን ያደርግላቸዋል፣ የሚያጠናቸው ሰው በሥራ ሰዓት ሌሊታቸውን እንዲያይ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይመሻል። ሁለት ቀን ሰዓቱን እንዲለምዱ ተተዉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ቀን ቀን አባቷን የምትጠብቅላት እህቷ ጥርሷን ልታስነቅል ሄደች፣ ሌላ ሰው የለም፣ ተመራማሪዋን በስልክ ብትጠይቃት ይዘሻቸው ነይ አለች።

ያዘቻቸው፣ ክንዳቸውን፣ ኮታቸው እስከ አንገት ተቆልፏል፣ ኮሪደሩን እንደ ተቆጣጣሪ ግራና ቀኝ እያዩ አለፉ፣ ጨለማው ክፍል በር ላይ ደረሱ፣ ገቡ፣ ውስጥ አንድ ደብዛዛ ቀይ አምፖል ብቻ አለ፣ ዝንብ ቀይ ብርሃን እምብዛም አያይም፣ ለሱ ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ ለሰው ደግሞ እንደ ፍም ዳር ነው፣ የሁሉም ነገር ጠርዝ ይለሰልሳል፣ ፈራች፣ እዚህ ቢጨንቃቸውስ፣ ቢጮሁስ፣ ቱቦዎቹን ቢገፉስ። አባቷ ቆሙ። ቀይዋን አምፖል አዩ። ጀርባቸው ቀጥ አለ።

ቀይ ነው፣ አሉ፣ እንጠብቃለን።

ወንበር ስበው ተቀመጡ። በሩን ዞረው እንኳ አላዩትም። አራት ወር ሙሉ ሂዱ ያላቸው ባቡር መጨረሻ ላይ የሆነ ቦታ ቆመ።

እሷም ከአጠገባቸው ተቀመጠች፣ በሹክሹክታ፣ ጥጡን፣ ቱቦውን፣ የሚተኛውንና የማይተኛውን ነገረቻቸው፣ ያልተኙትን ነው የምንፈልገው አባዬ፣ የሰሙም ያልሰሙም ይመስላሉ። ትንሽ ቆይቶ ጣታቸው ተዘረጋ። ይሄኛው ነቅቷል። አየች፣ እውነትም ዝንቡ ቱቦውን ከዳር ዳር ይመላለሳል፣ ምልክት አደረገች። ደግሞ ትንሽ ቆይቶ፣ ይሄም። ትናንት ማታ የበሉትን የማያስታውሱ ሰው፣ የሷን ስም አንዳንዴ ከእናቷ ስም የሚያምታቱ ሰው፣ ዓይናቸው ከቱቦ ቱቦ ሲሄድ አይዝልም፣ ሠላሳ አራት ዓመት ጨለማ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲፈልግ የኖረ ዓይን ነው፣ ሐዲድ ላይ የቆመ በሬ፣ የሚወዛወዝ ፋኖስ፣ ይሄ እንዳለ ነው፣ ይሄንን ማን ይወስድባቸዋል። የሷ ዓይን ነው የሚከዳት፣ ዝንቦቹ ይባዛሉ፣ ቱቦዎቹ ይቀልጣሉ፣ ቀይ ወንዝ ይሆናሉ፣ አገጯ ደረቷ ላይ ወድቆ ይመለሳል፣ አይሆንም፣ ዳግመኛ አይሆንም።

ምሳ ሰዓት ላይ ተመራማሪዋ የማሽኑን ወረቀት ይዛ ገባች። ማሽኑ ከሠላሳ ሁለቱ መሃል አራት ዝንቦች ጨርሶ አልተኙም ይላል። ቁጥራቸውን አነበበች። አባቷ በጣታቸው ያሳዩዋቸው ራሳቸው ናቸው፣ አራቱም፣ አንድም ሳይሳሳት። ተመራማሪዋ ወረቀቱን ደግማ አየች፣ ከዚያ ሽማግሌውን። አባባ፣ አለቻቸው፣ ከማሽኑ እኩል ነዎት። ማሽን ብቻውን አይታመንም አሉ እሳቸው፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ። በዓይን ከተለዩት ጋር አሥራ አንድ ዘበኛ ተገኘ፣ ሰባት ሴት አራት ወንድ፣ ለዘር ይበቃል፣ ተመራማሪዋ በጣቷ ቆጥራ፣ ደግማ ቆጥራ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች፣ ድምፅ የሌለው ሳቅ፣ ከዚህ በኋላ ሦስት ብልቃጥ በሦስት ክፍል ነው የምናኖረው አለች፣ ለአዲሶቹ ምግብ ልታዘጋጅ ሄደች፣ በሩን እንደነገሩ ገፋችው፣ በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ።

የቀረው ማጣራት ነው፣ አንድ ሁለት የሚያጠራጥሩ ቱቦዎች፣ አሁን ንቅንቅ ያሉ፣ አሁን ዝም ያሉ። እህቷ ከሐኪም ቤት ደውላ በማደንዘዣ በደነዘዘ አፏ በሳምንት ሦስት ሌሊት እኔ ጋ ይደሩ ብላለች፣ ወይም እንደዚያ ያለች ይመስላል፣ ግማሹ ቃል አልተሰማም፣ ሦስት ሌሊት፣ ሦስት ሌሊት በአልጋ፣ ሁለቱንም ጆሮ ዘግቶ፣ እንዴት ነበር።

አንተ፣ አሉ አባቷ።

ዘወር አለች። እሷን ነው የሚያዩት። አንተ ረዳት፣ ዓይንህ ተከድኗል እኮ፣ ጋደም በል ትንሽ፣ አረንጓዴ በርቶ ሲለቁን እቀሰቅስሃለሁ።

አባዬ፣ እኔ ነኝ።

ረጅም ጊዜ አዩዋት። በቀዩ ብርሃን ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ቀስ ብሎ ከሩቅ መጣ፣ ሊያልፍ ሲል ቆመ። እጃቸውን ዘርግተው፣ የጠረጴዛው ጠርዝ ግንባሯ ላይ ካተመው መስመር የቀረ ካለ የሚያብሱ ይመስል፣ በአውራ ጣታቸው ዳበሷት።

ተኚ፣ አሉ፣ እኔ አለሁ።

ተኚ ነው ያሉት፣ ተኚ፣ ለረዳት ተኚ አይባልም፣ ይህን ልታስበው ትፈልጋለች፣ ይዛው ልትቆይ ትፈልጋለች፣ ነገ ላያውቋት ይችላሉ፣ ዛሬ ማታ ራሱ በሩ ላይ ባቡሩ ሊኖር ይችላል፣ አሁን ግን ክንዷን ጠረጴዛው ላይ ታጥፋለች፣ ጉንጯን ታሳርፋለች፣ እንጨቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ወዲያው ይሞቃል፣ የጥጡ ሽታ፣ የእርሾ ሽታ፣ በመስታወት ላይ የስድስት እግር እርምጃ ይሰማል እንዴ፣ አይሰማም፣ ይሰማታል፣ ውሃው ይመጣል፣ ለብ ያለው፣ ይሄ መውሰድ አይደለም፣ እሷ ናት የምትሄደው፣ ከላይ የአባቷ ድምፅ አለ፣ ዝግ ያለ፣ ተራውን የማይስት፣ ሳጥኑ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች እያነበበ፣ አሥራ ሰባት ተኝቷል፣ አሥራ ስምንት ተኝቷል፣ አሥራ ዘጠኝ ተኝቷል፣ ሃያ፣ ቆይ፣ ሃያም ተኝቷል፣ ሃያ አንድ