ታችኛው ለሞገስ ነው

እና ግራ እጁ አሁንም ኪቦርዱ ላይኛው ግማሽ ላይ ነው፣ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሲ፣ አራት ጣት፣ ከታች ያለችውን ድምፅ፣ ላን፣ አይነካትም፣ እሷ የሞገስ ናት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ የሞገስ የቤዝ ጊታር ድርሻ ናት፣ ዛሬ ደግሞ ቃለአብ ከቶ እጁን ወደዚያ መስደድ የለበትም፣ ብርቱካን ትሰማለች።

ብርቱካን ከፊቱ ቆማ ትዘፍናለች፣ ጀርባዋን ለኪቦርዱ፣ ፊቷን ለሠርገኛው ሰጥታ፣ የሞገስ ሚስት፣ ባሌ መንገድ ላይ ነው ብላ አምና የምትዘፍን ሴት። ማን አሳመናት? ቃለአብ ነዋ፣ ምላሱ ይቆረጥና። ደውሎልኝ ነበር ብርቱዬ፣ መኪና ተበላሽቶበት ነው፣ ሙሽሮቹ ኬክ ሳይቆርሱ ይደርሳል፣ እንዲህ አላት፣ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ፣ እሷም እሺ ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ማይኩን ያዘች። ኬኩ ተቆረጠ። ታችኛው ቦታ ባዶ እስከሆነ ድረስ ለባሏ እየተጠበቀለት ነው ብላ ታስባለች፣ ታስብ፣ ዛሬን ታስብ።

ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ የዳሱን ሸራ ያርገበግበዋል፣ ቃለአብ በደነገጠ ቁጥር ጣቱ ይስታል። ሸራ ነው፣ ሸራ ብቻ ነው፣ ተኩስ አይደለም።

ሁለት ወይ ሶስት፣ አለው ይሻው። ሹፌሩ ይሻው። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ቃለአብ ስፒከሩን እየሰቀለ ሳለ ደወለለት፣ ብቻህን ነህ? ብቻዬን ነኝ፣ ስማኝማ፣ ሞገስ ከኔ መኪና ነበር፣ ከገሳይ ወጣ እንዳልን አስቆሙን፣ እነማን? እኔ ምን አውቄ፣ የታጠቁ ናቸው፣ ሶስት ሰው አወረዱ፣ እሱን ያወረዱት ያንን በጋቢ የጠቀለለውን አይተው ነው፣ ጊታር ነው አላቸው፣ ማን ይስማው፣ እኔን ንዳ አሉኝ፣ ነዳሁ፣ ምን ላድርግ ወንድሜ፣ አስራ አንድ ነፍስ ጭኛለሁ፣ ኩርባውን እንደዞርኩ ተኩስ ሰማሁ፣ ሁለት ወይ ሶስት፣ ወደ ሰማይም ይሆናል፣ ለብርቱካን አንተው ንገራት፣ እኔስ አንጀቴ አይችልም።

የማንስ አንጀት ይችላል። መርዶ እንዲህ አይነገርም፣ መርዶ ማለዳ ነው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ በሰው ሠርግ መሃል አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ብድግ ብሎ የሚያረዳው ነገር አይደለም። መርዶ! ማን ሞተ አለህ? ማን ሞተ አለህ አንተ ደንቆሮ? ምላሱን ይነክሳል፣ ደብረ ታቦር ኢየሱስ፣ አላልኩም፣ አላልኩም በልልኝ፣ ወደ ሰማይም ይሆናል ብሏል እኮ ሹፌሩ።

በጋቢ። ጋቢው የማን ሐሳብ ነው? ሞገስማ ለአጎቱ ተዝካር ሲነሳ ጊታሩን እዚሁ ልተወው ብሎት ነበር፣ የማንገቻው ቦርሳ ዚፕ ተበጥሷል፣ መንገዱም ሰሞኑን ደስ አላለኝም፣ ብሎት ነበር በግልጽ አማርኛ። ውሰደው እንጂ፣ አለ ቃለአብ፣ አለቃ ነኛ፣ አዲሱ ዘፈን ላይ ትዘገያለህ፣ ሁለት ቀን ተለማመድበት፣ ዚፕ ምን ያደርግልሃል፣ በጋቢ ጠቅልለው። በጋቢ ጠቅልለው! የራሱ የቃለአብ አጎቶች ጠመንጃቸውን ከዝናብ በምንድነው የሚሸፍኑት? በዚህ አገር በጋቢ ተጠቅልሎ ከትከሻ የሚንጠለጠል ረጅም ነገር ምን እንደሆነ የማያውቅ ሕፃን አለ? አለ፣ እሱ፣ የሰላሳ አራት ዓመቱ ሕፃን። ያፍራል፣ ጣቱ ግን ይጫናል፣ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሲ።

ድሮ እንዲህ አይጫወትም ነበር። ግራ እጁ ታችኛውን እየደበደበ ኪቦርዱን ከበሮ ያስመስለው ነበር፣ ያስተወው ሞገስ ነው። ወንድሜ፣ ሁለታችንም እዚያ ከቆምን ጭቃ ነው የሚሆነው፣ አንተ ላዩን ያዝ፣ ታችኛውን ለኔ ተውልኝ። መጀመሪያ ፈራ፣ ኮርድ ያለ መነሻ ድምፁ ደረጃ የሌለው ቆጥ መሰለው፣ ኋላ ግን ሞገስ ከስር ሲገባለት፣ ወይ ጉድ! ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሲ ለብቻቸው የማንም አይደሉም፣ ከስራቸው ላ ስትገባ ሐዘን ይሆናሉ፣ ዶ ሲገባ ደስታ፣ ያው አራት ጣት፣ ያው ቁልፍ፣ ቃለአብ ምንም አይለውጥም፣ የሚወስነው ሞገስ ነው። አንዳንዴ ሊያሾፍበት ላ ሲጠብቅ ዶ ይሰጠውና ጥርሱን ይገልጣል፣ ያ ፍንጭት ጥርስ።

ዛሬ የሚወስን የለም። ሐዘን ይሁን ደስታ ያልታወቀ ነገር ዳሱ ውስጥ ይንሳፈፋል፣ የኪቦርዱ ምት ብቻውን ይንኳኳል፣ ጨፋሪዎቹ ወለም ዘለም ይላሉ። በዘፈንና በዘፈን መካከል ከጠረጴዛው ስር ለሞገስ ይደውላል፣ ያቺ ሴትዮ ትመልስለታለች፣ የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም፣ አስራ ሰባት ጊዜ፣ ድምጿ አንዴም አይሰለችም፣ ማግኘት አይችሉም፣ አይችሉም።

አያ ሙላቴ መጡ፣ የሙሽራዋ አባት፣ ጭራቸውን እንደያዙ በሰው መሃል ቀጥ ብለው መጡ። አንተ ልጅ፣ ምነው ሙዚቃው ሰለለ? ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት አጣ እኮ! ይታገሱኝ አያ፣ ባለ ቤዙ እየመጣ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እየመጣ ነው ትሉኛላችሁ፣ ልጄን ልሸኛት ነው፣ በለቅሶ ነው እንዴ የምሸኛት? የለም አያ፣ ኧረ የለም፣ ምን በወጣዎ። እንግዲያስ ጠበቅ አድርገው። ጠበቅ አድርገው ብለው አይሄዱም፣ አናቱ ላይ ይቆማሉ፣ ጭራው ጆሮው ስር እየተወዛወዘ።

ሙሽራዋ ተነስታለች፣ መሸኛው ዘፈን ተጀምሯል፣ እናቶች እያለቀሱ እየሳቁ ነው። ከድምፅ ቁልፎቹ በላይ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች፣ ስትጫን የኪቦርዱን ታችኛ ግማሽ የቤዝ ጊታር ድምፅ ታደርገዋለች፣ ኪቦርዱ ከተገዛ ጀምሮ አለች፣ ሞገስ እያለ ማን ይነካታል። ቢነካትስ? ብርቱካን ስድስት ዓመት እጁን ታውቀዋለች፣ ታችኛውን ራሱ ከያዘው ሞገስ እንደማይመጣ ይገባታል፣ ማውራት አያስፈልገውም፣ እጁ ይናገርለታል፣ እሱ አንገቱን ይደፋል፣ በቃ። ፈሪ ነህ ቃለአብ። አዎ ፈሪ ነኝ፣ እንግዲህ ምን ይሁን፣ ከሷ ጋር ዓይን ለዓይን ከምተያይ ይህቺው ትሻለኛለች፣ አንድ ጣት ናት፣ አንድ ትንሽ ጣት።

ቁልፏን ይጫናል፣ ጣቱን ወደ ታች ይሰዳል። ላ።

ወፍራም ነች፣ የመሬቱን ሣር የምታነቃንቅ፣ እናም ዳሱ በአንዴ ተያያዘ፣ የጨፋሪው እግር መሬት አገኘ፣ እልልታው ቀለጠ፣ አያ ሙላቴ ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ ይኸው! አይደለም እንዴ! ብለው ሄዱ። እሱ ግን የሚያየው የብርቱካንን ጀርባ ነው። ጀርባዋ ቀጥ አለ። አሁን፣ አሁን ገባት፣ አሁን ማይኩ ይወድቃል፣ አሁን ትጮሃለች፣ ይቅር በይኝ ብርቱዬ።

ትዞራለች።

እየሳቀች ነው። ከጠዋት ጀምሮ ያላየው ሳቅ፣ ፊቷ ሁሉ በርቷል፣ ዓይኗ እሱን አልፎ ከኋላው ይፈልጋል፣ ከስፒከሩ ጀርባ፣ ከሸራው ስር፣ ማይኩን ከአፏ ዞር አድርጋ፣ መጣልኝ አይደል? ትላለች፣ የት ገብቶ ነው የሚጫወተው ይሄ ጉደኛ፣ የታል? ቃለአብ ጣቱን ከላ ላይ ማንሳት ያቅተዋል፣ ድምፁ እስካለ ድረስ ትስቃለች፣ ይጫናል፣ እንደገና ይጫናል፣ የታል ቃልዬ፣ ትላለች፣ ይጫናል፣