ያልለቀቀ ጣት

«ቀላል ነው። ሕፃን እንኳ ይጫወትበታል።»

ሥራ አስኪያጁ ይህን ያለው አዲሱን መቆጣጠሪያ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ እንደ መኪና ቁልፍ እያወዛወዘ ነው። ሰውን ለማዋረድ ከዚህ ያጠረ ንግግር አይገኝም። ብትችለው ሕፃን የሚችለውን ነው የቻልከው፤ ባትችለው ደግሞ ከሕፃን አንሰሃል። በሁለቱም በኩል ተሸናፊው አንተ ነህ። አሸናፊው አንድ ቀን እንኳ በዚያ ዕቃ ሠርቶ የማያውቀው ተናጋሪ ብቻ ነው።

ከፊቱ ከቆሙት የክሬን ኦፕሬተሮች መካከል ነገሩ አጥንቷ ድረስ የዘለቀባት አሞራዋ ነበረች። ስሙን ያወጡላት የሳይቱ ሠራተኞች ናቸው። ጠዋት መሰላሉን ወጥታ ክሬኑ አናት ላይ ካለችው ጠባብ ካቢን ከገባች፣ ለምሳ ካልሆነ አትወርድም። ዕድሜዋ ሃምሳን አልፏል። ባሏ ከሞተ በኋላ ልጇን አስተምራ ለቁም ነገር ያበቃችው በዚያች ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው። ኮንክሪት የሞላ ባልዲ አየር ላይ አሳልፋ፣ የተኛ ሕፃን አልጋ ላይ እንደሚያኖር ሰው ቀስ አድርጋ ታሳርፋለች። ሌላው ቢቀር ይህን የሚክድባት ሰው አልነበረም።

አሁን ግን ውረጂ ተባለች። ድርጅቱ መሬት ላይ ኮንቴይነር አስቀምጦ፣ ውስጡን በስክሪን ሞልቶ፣ ክሬኑን ከዚያ ሆናችሁ ታንቀሳቅሳላችሁ አለ። መቆጣጠሪያው ቁርጥ የጌም ጆይስቲክ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በመዳፏ ጨብጣ የሠራችውን በአውራ ጣት ጫፍ ሥሪ ማለት ነው። ፈተናውን ያለፈ በሥራው ይቀጥላል፣ የወደቀ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቶ ብሎንና ሚስማር ያድላል።

አሞራዋ ለማንም ሳትናገር ታናሽ ወንድሟ ፀጉር ቤት ሄደች። ወንድሟ ተራ የሚጠብቁ ደንበኞች እንዳይሰለቹበት ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ሰቅሎ ጌም አስገብቷል። ሲከፍት ደረሰች። አንድ የታክሲ ሹፌር ብቻ አገጩ አረፋ ተቀብቶ ወንበሩ ላይ ተጋድሟል።

«እትዬ! በደህና ነው?» አለ ወንድሟ ምላጩን እንደያዘ።

«ጌም አስተምረኝ።»

«ምን?»

«ደንቁረሃል እንዴ? ጌም ነው ያልኩህ።»

ወንድሟ የሹፌሩን አገጭ ግማሹን ላጭቶ፣ ግማሹን ከነአረፋው ትቶ መጣ። የመኪና እሽቅድምድም ከፈተላትና ጆይስቲኩን አስያዛት። መጀመሪያ የገረማት ቅለቱ ነው። እሷ የለመደችው ዘንግ ከወንበሩ ጋር የታሰረ ነው፤ ስትይዘው ይይዝሻል። ይህ ግን የትም አልታሰረም። በላብ እጅ ከሳሙና እኩል ይንሸራተታል። ቁልፎቹ ላይ ፊደል የለም፤ ክብና ሦስት ማዕዘን ነው። አንዱን ባየች ቁጥር ስክሪኑን ትለቃለች፣ ስክሪኑን ስታይ ጣቷ ይጠፋባታል።

«በቀኝ አመልካች ጣትሽ ከሥር ያለውን ተጫኚ፤ ነዳጁ እሱ ነው።»

«የቱ ሥር?»

«ከሥር ነዋ! ሆዱ ጋ!»

መኪናው ተስፈንጥሮ ወጣ። አሞራዋ መኪናው ወደ ግራ እንዲታጠፍላት ትከሻዋን፣ አንገቷን፣ አልፎም ወገቧን ወደ ግራ አጠፈች። መኪናው ቀጥ ብሎ ሄደ።

«እትዬ፣ አንቺ አይደለሽም የምትታጠፊው፣ እሱ ነው!»

አጥሩ እየቀረበ መጣ። ያን ጊዜ እዚያ ቤት ውስጥ እሷ ብቻ ልታደርገው የምትችለውን አደረገች፦ ጣቶቿን በሙሉ ከጆይስቲኩ አንስታ መዳፏን ዘርግታ ቀረች። መኪናው በያዘው ፍጥነት አጥሩን ጥሶ ገደል ገባ።

«እማማ፣ ቢያንስ ተሳፋሪዎቹን አውርጂልን እንጂ!» አለ ሹፌሩ በአረፋው ውስጥ። ሳቁ አረፋውን ቴሌቪዥኑ ድረስ ረጨው።

ደግማ ሞከረች፤ አሁንም አደጋው ሲመጣ ለቀቀችው። ሦስተኛውም እንደዚያው ሆነ። ምክንያት ነበራት፤ እነሱ ግን አያውቁትም። የክሬን ሰው መጀመሪያ የሚማረው ማንሳትን አይደለም፣ መልቀቅን ነው። ከተጠራጠርክ ልቀቅ፣ ከደነገጥክ ልቀቅ፣ «አቁም» ከተባልክ ሳታስብ ልቀቅ። እጅህ ሲነሳ ማሽኑ ባለበት ይቆማል። ሰው ከሞት የሚተርፈው በዚያች ቅጽበት ነው። ሹፌሩ አረፋ ተቀብቶ የሚስቅበት እጅ፣ ስንት ሠራተኛ ማታ በሰላም ወደ ቤቱ እንዲገባ ያደረገ እጅ ነበር። ይህን ልትነግራቸው አፏን ከፈተችና ተወችው። ተሸንፎ ምክንያት የሚደረድር ሰው እሷ ራሷ አትወድም። ፊቷ እንደ ፍም ቀልቶ፣ ጆይስቲኩን ሶፋው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

በማግሥቱ ግን ተመልሳ መጣች። ከዚያም ደጋገመችው። ወንድሟ ቀልዱን ትቶ ከልቡ ያስተምራት ጀመር።

«ስሚ እትዬ። እዚህ መልቀቅ የሚባል ነገር የለም። ስትፈሪ አጥብቂ። ነዳጁን አትተዪ፤ በአውራ ጣትሽ አቅጣጫውን አስተካክለሽ በመሀሉ ሹልክ በይ። የለቀቀ ሞተ።»

«የለቀቀ ሞተ» እያለች ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ጣቶቿ ቀስ በቀስ ዓይን አገኙ። ክቡንና ሦስት ማዕዘኑን ሳታይ ታውቃቸዋለች። አጥሩ ሲመጣባት ጥርሷን ነክሳ፣ ነዳጁን ይበልጥ ተጭና፣ ለጥቂት ታመልጣለች። አንድ ጠዋት የታክሲ ሹፌሩን በሰፊው ቀደመችው።

«መንጃ ፈቃዴን ልመልስ መሰለኝ» አለ ሰውዬው ጆይስቲኩን እያስቀመጠ።

እሷም ሳቀች። እንደ ልጅ ደስ አላት። ደስታዋ ሐሰት አልነበረም፤ አዲስ ነገር መልመድን የመሰለ ደስታ የለም። ግን አዲስ የሚባል ነገር ባዶ ቤት አይገባም። አንዱን አስወጥቶ ነው የሚገባው። ምን እንደወጣባት አልጠየቀችም።

የፈተናው ቀን ኮንቴይነሩ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ከኋላዋ የሳይቱ ኢንጂነርና መሣሪያውን ያመጣው አሠልጣኝ ቆሙ። አሠልጣኙ ደንቡን ደገመላት። ከሥር ያለው ማስፈንጠሪያ በአመልካች ጣት ተጭኖ እስካለ ድረስ ክሬኑ ይታዘዛል፤ ከተለቀቀ ወዲያው ይቆማል። ሥራው አንድ እስር የፌሮ ብረት አንስታ አራተኛው ፎቅ ላይ፣ በመወጣጫው እንጨትና በዓምዱ መካከል ማሳረፍ ነው።

እዚያ ፎቅ ላይ ሬዲዮ ይዞ ምልክት የሚሰጣት ፉጨት የሚሉት ሰው ነበር። ሬዲዮ ሳይመጣ በፊት በፉጨት ነበር የሚመራት፤ ስሙም ከዚያ ቀረ። እሷ ከላይ፣ እሱ ከታች ሆነው ብዙ ሕንፃ አቁመዋል። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» የሚል ዓይነት ባልደረቦች ናቸው።

«አሞራዋ፣ እንኳን ወደ ምድር በሰላም መጣሽ» አለ ድምፁ እሷ ብቻ በምትሰማው የሬዲዮ ማዳመጫ።

«ቀልዱን ተውና ምራኝ።»

አነሳችው። አውራ ጣቶቿ ያለ ምንም ችግር ታዘዙላት። አሠልጣኙ ለኢንጂነሩ በእርካታ ራሱን ሲነቀንቅ በጎን አየችው፤ ልቧ ሞቅ አለ። እስሩ ፎቁ ደርሶ ክፍተቱ ውስጥ ሊገባ ሲል ነፋስ መታውና ዞረ። ጫፉ ወደ መወጣጫው ሄደ።

«አቁሚ!» አለ ፉጨት።

አልለቀቀችም። ጥርሷን ነከሰች፤ ማስፈንጠሪያውን ይበልጥ ተጫነችው። አውራ ጣቷ በመሀሉ ሹልክ የምትልበትን መንገድ ፈለገ።

«አቁሚ! አቁሚ እኮ ነው የምልሽ!»

ፌሮው መወጣጫውን ገጨው። ጣውላዎች ወደቁ። ስክሪኑ ላይ ፉጨት ለማምለጥ በሆዱ ተወርውሮ በሲሚንቶው ላይ ሲንሸራተት ታየ። ያን ጊዜ ጣቷ ለቀቀ። ለማንም በማይጠቅምበት ሰዓት ላይ።

ፉጨት ከመዳፎቹ መላላጥ በቀር ምንም አልሆነም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁሉም የኢንጂነሩ ቢሮ ውስጥ ተሰበሰቡ። ፉጨት እጆቹን እንደ ተሰበረ ዕቃ ፊት ለፊቱ ይዞ ቆሟል።

«መሣሪያው ደህና ነው፤ አይተነዋል» አለ አሠልጣኙ ማንም ሳይጠይቀው።

ኢንጂነሩ ወጣት ነው፤ ሥራው ስለዘገየበት ፊቱ ሁልጊዜ እንደተኮሳተረ ነው። «ታዲያ ምንድን ነው የሆነው?» አለ ወደ አሞራዋ።

አሞራዋ መልሱን ታውቀዋለች። ጣቷ ውስጥ እስካሁን ይሰማታል። ግን አፏ ከመከፈቱ በፊት ፉጨት ተናገረ።

«እኔ ነኝ። ምልክቱን አዘገየሁ። ነፋሱን አላየሁትም።»

ቀና ብላ አየችው። እሱ አላያትም፣ ግድግዳውን ነው የሚያየው። ለእሱ ትንሽ ተግሣጽ፣ ለእሷ ግን ወንበሯ መሆኑን አስልቶ ነው የዋሸው። እሷም ገብቷታል። «ውሸቱን ነው» ማለት የሁለት ቃል ሥራ ነበር።

ዝም አለች።

ዝምታ ወርቅ ነው ብሎ የተረተው ሰው በባልንጀራው ትከሻ ላይ ቆሞ ዝም ብሎ የማያውቅ መሆን አለበት።

«እንዲያ ከሆነ ፈተናውን አይነካም። እርስዎ አልፈዋል» አለ ኢንጂነሩ፤ ችግሩ በአጭሩ ስላለቀለት ፊቱ ፈታ አለ። ወደ ፉጨት ዞረ። «አንተ ግን ከነገ ጀምሮ ከምልክት ሥራ ተነስተሃል። ጣውላ ትሸከማለህ።»

ፉጨት ይህን አልጠበቀም። ትከሻው ዝቅ ሲል አየችው። አሁን እንኳ ጊዜ ነበር፤ በሩ አልተዘጋም፣ ሰው አልተበተነም።

«እሺ» አለች አሞራዋ። ለኢንጂነሩ ነው እሺ ያለችው። አመስግናም ወጣች።

ውጭ ተራቸውን የሚጠብቁ ኦፕሬተሮች ከበቧት።

«አለፍሽ አይደል? ድሮም አሞራዋ!» አለ አንዱ ትከሻዋን መታ እያደረገ። «ፉጨት ነው አሉ ሊያስፈጅሽ የነበረው? እሱ ሰውዬ አፉ እንጂ ዓይኑ አይሠራም አላልኳችሁም?»

ሁሉም ሳቁ። አሞራዋም ሳቀች።

የራሷ ሳቅ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። በቢሮው ውስጥ ዝም ያለችው ፈርታ ነው ቢባል ያስኬዳል፤ ሰው ይፈራል። ይህኛው ግን ስም አልነበረውም። ማንም አላስገደዳት፣ ማንም ምንም አልጠየቃት፣ ሳቀች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት፤ መሬት ግን እንዲህ ያለ ውለታ ለማንም አትውልም። ዞራ የቢሮውን በር ሳታንኳኳ ከፈተችው።

«ምልክቱን በሰዓቱ ነው የሰጠኝ» አለች። «ሁለት ጊዜ አቁሚ ብሎኛል። እኔ ነኝ ያልለቀቅኩት። በጌም ስለማመድ ጣቴ መያዝ ለምዶብኛል።»

አሠልጣኙ «ጌም?» ብሎ ፈገግ አለ። ኢንጂነሩ ፈገግ አላለም።

«ታዲያ ቅድም ለምን አልተናገሩም?»

«ወንበሬን ፈርቼ» አለች።

«ፈተናው ተሰርዟል። እስክንወስን ድረስ ግምጃ ቤት ይሁኑ።»

«እሱስ?»

«እናየዋለን።»

«እናየዋለን» የቢሮ ሰው ስህተቱን ሳያምን ሲመልስ የሚጠቀምበት ቃል ነው። «አታየውም!» አለች አሞራዋ ጠረጴዛውን መትታ። «አሁን፣ እኔ ፊት ወደ ሥራው መልሰው!» ኢንጂነሩ ደንግጦ «እሺ፣ እሺ፣ ይመለሳል» አለ። ቁጣዋ ለጊዜው ጠቀማት እንጂ አላነጻትም። በተቆጣችበት አፍ ዝም ማለቷን ከኢንጂነሩ ይልቅ እሷ ታውቃለች።

ፉጨትን ከሕንፃው ጀርባ፣ የውኃው ቧንቧ አጠገብ አገኘችው። የተላላጡ እጆቹን ይዞ ቆሟል።

«ነገርኳቸው» አለች። «ወደ ሥራህ ተመልሰሃል።»

«ሰማሁ። ጩኸትሽ እዚህ ድረስ ይሰማል።»

«ይቅር በለኝ።»

«ስለ ፌሮው ነው?» አለ። «ፌሮው ምንም አይደለም። ማሽን ነው፣ ነፋስ ነው፣ ሰው ይሳሳታል። እኔ የዋሸሁት አንቺ ወዲያው ‹ዝም በል አንተ ቀጣፊ› ብለሽ እንደምትጮሂብኝ እርግጠኛ ሆኜ ነው። ለወጉ ነው የዋሸሁት። ታውቂያለሽ? ለወጉ ነበር።»

አንገቷን ደፋች።

«ደግሞ ‹እሺ› አልሽ» አለ ፉጨት፤ ይኼኛው ነው ያልገባው። «ዝም ማለቱስ ይሁን። እሺ?»

የቧንቧውን እጀታ ሊያዞር ሞከረና ቆዳ የሌለው መዳፉ ብረቱን ሲነካ እጁን ሰበሰበ። ክፈቺልኝ አላላትም። አሞራዋ ጎንበስ ብላ ከፈተችለት። ውኃው ገንፍሎ መጣ፤ በዝቶበት ፊቱን ሲያጨማድድ አይታ አሳነሰችው፣ ከዚያ ደግሞ ትንሽ ጨመረችለት። እሱ እጆቹን ከሥር ዘርግቶ፣ ወደ እሷ ሳያይ፣ ታጠበ።