ባዶ የተባለው ሜዳ

መስቀል በዋለ ማግስት ላቀው በሬዎቹን እየነዳ እንግጫ ሜዳ ሲደርስ ሽቦ ገጠመው። በአዲስ ቋሚ እንጨት ላይ የተወጠረ ባለእሾህ ሽቦ። ከሽቦው ወዲያ ሣሩ ጉልበት ድረስ አድጎ ይወዛወዛል፤ ከሽቦው ወዲህ የሀገሩ በሬ ሁሉ ጎኑ ገብቶ ቆሟል።

ላቀው የሜዳው ጠባቂ ነው። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው በዚህ ቀበሌ እንግጫ ሜዳ የሁሉም ስለሆነ ከሰኔ እስከ መስቀል ከብት አይደርስበትም። ሣሩ እንዲያድግ ይከለከላል፤ በመስቀል ማግስት ሲከፈት መጀመሪያ የሚገባው የእርሻ በሬ ነው። ክረምቱን በእርሻ የደቀቀ በሬ ነፍስ የሚዘራው በዚህ ሣር ነው፤ እሱ ከቀረ እህሉ ሳይወቃ በሬው ይወድቃል። ይህን ሥርዓት የሚያስከብር ሰው ሲፈለግ ሕዝቡ ላቀውን መረጠ። ስድስት ክረምት ዶፍ እየወረደበት ጠበቀ፣ ኮራበትም።

ጉድ የሠራውም ይኸው ኩራት ነው። ነሐሴ ላይ ከፍኖተ ሰላም መሬት ቢሮ ሁለት ሰዎች በመኪና መጥተው ሜዳውን ፎቶ አነሡ። አንደኛው፣ ትሁት ነገር፣ «አባባ፣ ከብት ይገባበታል?» ብሎ ጠየቀው። ላቀው ደረቱን ነፍቶ «እኔ ቆሜ እያለሁ አንድ ኮቴ አይረግጠውም» አለ። ሰውየው «ጎበዝ» ብሎ ጻፈ። ላቀው የተመሰገነ መሰለው። ምን ዓይነት ጅል ነበር!

ሽቦውን ባየ በማግስቱ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ሄደና መሬት ቢሮው ደጃፍ እስከ ቀትር ተገተረ። ሲያስገቡት ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ያው ትሁት ሰውዬ ነው፤ ወንዳወቅ ይባላል።

«ጥቅም ላይ ያልዋለ መሬት ነው፣ አባባ» አለው መዝገቡን ገልጦ። «ለከብት ማድለቢያ ለባለሀብት ተላልፏል። ለሠላሳ ዓመት።»

ተላልፏል ይላሉ፤ ተሸጠ ማለት ያሳፍራቸው ይሆናል።

«ለከብት ማድለቢያ?» አለ ላቀው። «የኛዎቹ ምንድን ናቸውና?»

ወንዳወቅ ፎቶውን አሳየው። ሜዳው ለምለም ነው፤ አንድ እንስሳ የለበትም። ከሥሩ የላቀው የገዛ ቃሉ ሰፍሯል፦ ከብት አይገባበትም።

ላቀው ፎቶውን መልሶ ገፋለት። «ጌታው፣ የእናንተም ቢሮ እሑድ እሑድ ባዶ ነው። እሱንስ ለምን አልሸጣችሁትም?»

ወንዳወቅ አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። ቢሳደብ ይሻል ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሰዉ ሥርዓት አልባ ቢሆን፣ ሜዳውን በክረምት አግጦ ጭቃ ቢያደርገው ኖሮ ዛሬ በእጁ ይቀርለት ነበር። የተነጠቀው በደንብ ስለጠበቀው ነው። ይህ የማያናድደው ሰው ካለ እሱ ሌላ ፍጡር ነው።

«አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ» አለ ወንዳወቅ። «በዚህ ክረምት ከብቱን እዚያ ያሰማራ አንድ ምስክር ካመጡ ጉዳዩ እንደገና ይታያል።»

ላቀው መንገዱን ሙሉ የሀገሩን ሰው አንድ በአንድ አሰበ። ሁሉም ሥርዓት አክባሪ ነው፣ ከእናኑ በቀር። ባሏ የሞተባት እናኑ ሐምሌ ላይ ላሟን በጧት ወደ ሜዳው አስገብታ ነበር።

ጓሮዋ ድንች ስትቆፍር አገኛት።

«እናኑ፣ እህቴ፣ ሐምሌ ላይ ላምሽን ሜዳው አስገብተሽ አልነበር? ይህንኑ ፍኖተ ሰላም ሄደሽ ተናገሪልን። ሜዳው የሚመለሰው በአንቺ ቃል ነው።»

እናኑ ቀና ብላ አፈሩን ከእጇ አራገፈች።

«አስገብቻለሁ፣ አያ ላቀው። ግን አፏን ሣሩ ላይ ሳታሳርፍ እርስዎ በዱላ አስወጧት። ወተቷ ደርቋል፣ ጥጃዋ እስኪጠና ብቻ ብዬ እግርዎ ላይ ወድቄ ነበር። ለአንቺ ብዬ ሥርዓት አላፈርስም አሉኝ።»

«ብያለሁ» አለ ላቀው።

«ጥጃዋም ሞተ፣ እሷም ተከተለችው። ሄጄ እውነቱን ብናገር የሚጽፉት የእርስዎኑ ቃል ነው።» ድንቿን መልቀም ጀመረች። «ምን በላች ብዬ ልመስክርልዎ?»